የፊት ጎማ ምስክርነት

የሞተረኛውና የቤተሰቡ ማዕዘን

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰንሰለት ቅባትና አጠባበቅ ተወያይተን መለያየታችን ይታወሳል። ለዛሬ ያሰብሁት ስለ ባትሪ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ዐሥር አለቃና ባለቤቱ ከደጄ መጥተው የሞተር ሳይክላቸውን የፊት ጎማ ስላሳዩኝ ባትሪውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ግድ ሆነብኝ። ጎማው ምን እንደሚመስል በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን እነዚሁ ባልና ሚስት ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር ምን ይዘውብኝ እንደ መጡ ላውጋችሁ። ነገሩ የሞተረኛው ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የምትቀመጠው ባለቤቱና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ጭምር ነው። ስለዚህም ባልና ሚስት ይህን ጽሑፍ አብራችሁ እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

በዚያ የነሐሴ እሑድ ረፋድ ዐሥር አለቃው ሞተሩን እየገፋ፣ ባለቤቱም ሕፃኑን አዝላ እየተከተለችው መጡ። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ይነሣል፣ ይሄዳልም። እየገፋ ያመጣው ባለቤቱ «ባሻ ሳያዩት አልቀመጥበትም» በማለቷ ነው።

«ባሻ፣ እባክዎ ይፍረዱን» አለ ዐሥር አለቃው፣ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ። «ይህን የፊት ጎማ ከገዛሁት ገና ስምንት ወሩ ነው። በግራ በኩል ተበልቶ አለቀ። የሸጠልኝ ሰው አታልሎኛል። ለመስከረም ያስቀመጥናት ጥቂት ገንዘብ አለች፤ በእርሷ ሌላ እንግዛ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«እምቢ ያልሁት ጎማውን ጠልቼ አይደለም፣ ባሻ» አለች እርሷ። «የመስከረሙ ገንዘብ የታላቁ ልጃችን የደብተርና የልብስ ነው። እርሱ ጠፍቶ አዲሱም ጎማ በስምንት ወሩ እንዲህ ቢሆን ምን ይበጀናል? ደግሞም እኔ ከኋላ ተቀምጬ የምሰማው ሌላ ነው። አስፋልት ላይ ስንወጣ ከፊት በኩል አንድ ነገር ያጉረመርማል። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ መሪው ወባ እንደ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ጎማው ብቻ አይመስለኝም።»

ውድ አንባቢያን፤ በሙያው ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየሁ ብሆንም በዚያ ቀን ከእኔ ቀድማ የበሽታውን ምልክት ያነበበችው ከኋላ የምትቀመጠዋ ሴት ነበረች። ነጂው ዓይኑን ከመንገዱ ላይ፣ ሐሳቡንም ከጉዳዩ ላይ ስለሚያደርግ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚለወጠውን ድምፅ ይለምደዋል። አልፎ አልፎ የሚቀመጥ ሰው ግን ልዩነቱን ይሰማል።

የዛሬው ጽሑፌ ጠቅላላ ሐሳብ ይህ ነው። ያለ አግባብ የተበላ የፊት ጎማ በደለኛ አይደለም፤ ምስክር ነው። የፍሬኑን፣ የፎርሴላውን፣ የነፋሱን፣ የመንገዱንና የነጂውን ጠባይ በገላው ላይ ጽፎ ያቆያል። ምስክሩን ሳያዳምጡ አውልቆ መጣል በደሉን በአዲስ ጎማ ላይ እንደገና ማስፈጸም ነው።

የመጀመሪያው ምስክርነት፦ መንገዱ

ሞተሩን አቁሜ የፊቱን ቸርኬ ከመሬት አነሣሁት። የጎማው ግራ ገጽ ከቀኙ ይልቅ በግልጽ ተበልቷል። ዐሥር አለቃው «ይኸው፣ ገና ሲሠራ የተጣመመ ነው» አለ። እኔ ግን በግራ የተበላ የፊት ጎማ በሀገራችን አስፋልት ላይ ከሚሄዱ ሞተሮች በብዙዎቹ ላይ አይቻለሁ። ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው የአስፋልቱ ቅርጽ ነው። ማንኛውም በደንብ የተሠራ መንገድ የዝናቡ ውኃ ወደ ዳር እንዲፈስ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። እኛ በቀኝ በኩል ስለምንነዳ ከሥራችን ያለው መንገድ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መሬቱን የሚነካው የጎማው ትክክለኛ መካከል ሳይሆን ከመካከሉ ጥቂት ወደ ግራ ያለው ክፍል ነው። ሁለተኛው ምክንያት መታጠፊያው ነው። በቀኝ የሚነዳ ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አጭር ቅስት፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን ረዥም ቅስት ይዞራል። በአደባባይም ዙሪያ የምንዞረው ወደ ግራ እያጋደልን ነው። በመሆኑም የጎማው ግራ በዓመት ውስጥ ከቀኙ ይበልጥ ብዙ መንገድ ይፈጫል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ ከገላባት በር ላይ እናገኛለን። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ግን እስከ ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ድረስ በግራ መንዳቷን ቀጥላለች። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ከመተማ ወደ ገላባት የሚሻገር ነጂ ድንበሩን እንዳለፈ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሲመለስም ከግራ ወደ ቀኝ መለወጥ ነበረበት። ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሁለቱም ሀገሮች ሥርዓት አንድ ሆኗል። በሞያሌ ያገለገላችሁ ደግሞ ተመሳሳዩን ነገር በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ኬንያ በግራ ትነዳለችና። የናይሮቢን ሞተረኛ ጎማ ብትመለከቱ ይበልጥ ተበልቶ የምታገኙት ቀኙን ነው። እንግዲህ ጎማው በየትኛው የመንገድ ወገን እንደ ኖረ ይመሰክራል ማለት ነው።

ስለሆነም በግራ በኩል የሚታይ መጠነኛ መበላት ከተፈጥሮ የመጣ እንጂ ጥፋት አይደለም። የዐሥር አለቃው ጎማ ግን ከመጠን አልፎ ነበር። ስለዚህ ምርመራውን ቀጠልሁ።

ሁለተኛው ምስክርነት፦ ፍሬኑና ፎርሴላው

መዳፌን በጎማው ጥርሶች ላይ በዝግታ ወደ ፊት አሳለፍሁት፤ ለስላሳ ነው። ወደ ኋላ ስመልሰው ግን እንደ መጋዝ ያዘኝ። ባለቤቱንም እጇን እንድታሳልፍ አደረግሁ። «የሚያጉረመርመው ይህ ነው እንዴ?» አለች። አዎን፣ ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ጥርስ በአንዱ ጠርዝ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ሲል ጎማው በአስፋልት ላይ በተንከባለለ ቁጥር ጥርሶቹ ተራ በተራ መንገዱን ስለሚመቱ ድምፅ ይፈጠራል።

ይህ የመጋዝ ጥርስ የሚበቅለው እንዴት ነው? ፍሬን በተያዘ ጊዜ የሞተሩና የተሳፋሪዎቹ ክብደት ወደ ፊት ይጫናል። የፊት ጎማ ሥራው ሞተሩን መግፋት አይደለም፤ መምራትና ማቆም ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይጎተታሉ፤ ይታጠፋሉ፤ ከመሬቱ ሲለቁም ይንሸራተታሉ። በዚህም አንዱ ጠርዛቸው ከሌላው ፈጥኖ ይፋቃል። ጥርሱ ረዥምና ለየብቻው የቆመ በሆነ መጠን መታጠፉ ይበዛል።

ይህ በጤናማ ሞተርም ላይ በጥቂቱ ይታያል። ፎርሴላው ከታመመ ግን ይባባሳል። የዐሥር አለቃውን ፎርሴላ ስመለከት ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ተቀዶ ከታች በኩል አቧራ የጠጣ ዘይት ወርዶበታል። ዘይቱ ያለቀበት ፎርሴላ ውስጡ ያለው ሞላ ብቻ ስለሚቀር ጎማው በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ይዘላል። እየዘለለ በወረደ ቁጥርም የጎማውን ገላ በየቦታው እየቦጨቀ ማንኪያ የጨለፈው የሚመስል ጎድጓዳ ያበጅበታል።

ቀጥሎም ሁለት ክንዱን የፎርሴላውን ጫፎች አስይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋሁት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመሪው ሥር ተሰማ። የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ባለቤቱ ያየችው የወባ መንቀጥቀጥ ምንጩ በአብዛኛው ይኸው ነበር። ቸርኬውን አሽከርክሬ ከጎኑ ጠመኔ አስጠግቼ ስመለከት ግን ክቡ አልተጣመመም፤ ሽቦዎቹም በጣት ሲነኩ ሁሉም ተቀራራቢ ድምፅ ሰጡ። ሽቦዎቹ ላልተው ወይም ቸርኬው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ መበላቱ በአንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ እናገኘው ነበር።

ሦስተኛው ምስክርነት፦ ነፋሱ

የጎማውን ነፋስ ለካሁ፤ ከሚገባው በታች ነው። «ነፋሱን የሚያጎድለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔው ነኝ» አለ ዐሥር አለቃው በኩራት። «ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንዳይፈነዳ አስተነፍሰዋለሁ።»

ይህ ልማድ በቆላ አገር በሚነዱ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ በጥቂቱ ላብራራው። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው ሜዳ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በአስፋልት ላይ የሮጠ ጎማ ደግሞ ከአየሩም ይብስ ይግላል። ሲግል በውስጡ ያለው ነፋስ ግፊቱ መጨመሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ፋብሪካውም በመመሪያው ላይ ልኩን ሲጽፍ ይህን አስቦ ነው፤ የተጻፈው ልክ የሚለካው ጎማው ሳይነዳ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው።

በቁጥር እንመልከተው። ጎሚስቶች «25» ብለው የሚጠሩት ልክ ለፊት ጎማ የታዘዘ ነው እንበል። ጎማው 50 ዲግሪ በጋለበት ሰዓት አስተንፍሰን 25 ላይ ብናቆመው፣ በማግሥቱ ንጋት ጎማው ወደ 22 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ልኩ ወደ 22 ገደማ ይወርዳል። ሰውየው በማለዳ ባለቤቱንና ልጁን አሳፍሮ የሚነሣው እንግዲህ በጎደለ ጎማ ነው። የጎደለ ጎማ ትከሻው ይተኛል፤ ጥርሱ ይበልጥ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም ይብሱን ይግላል። ከመፍንዳት ለማዳን የተደረገው ነገር ወደ ጉዳት ይነዳዋል። ከመነዳሪ ላላቸው ጎማዎችማ ሌላም አደጋ አለ። ነፋሱ ሲጎድል ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ከነፋስ መሙያው ሥር ሊቀድደው ይችላል።

ከጎንደር ወደ ገላባት ለምትወርዱም አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስትሆን ገላባት ግን ከ800 ሜትር በታች ናት። ወደ ቆላ በወረዳችሁ ቁጥር የውጩ አየር ክብደት ስለሚጨምር በጎንደር 25 የተነፋ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ገላባት ቢደርስ ልኩ ወደ 23 ገደማ ዝቅ ብሎ ይነበባል። የቆላው ሙቀት ይህን በቀን ይሸፍነዋል፤ በማለዳ ግን ጉድለቱ ይገለጣል። ስለዚህ ወርዳችሁ ባደራችሁበት ቦታ በንጋት መለካት ብልህነት ነው።

አራተኛው ምስክርነት፦ የጥርሱ ምርጫ

አሁን ወደ ጎማው ዓይነት እንምጣ። ዐሥር አለቃው የገዛው ረዣዥምና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት የጭቃ ጎማ ነበር። «ለምን መረጥኸው?» ብለው «ክረምት ላይ ዋልካው አስቸገረኝ፤ ደግሞም ጠንካራ ይመስላል» ብሎ መለሰ። ነገር ግን በሳምንት ስንት ቀን በዋልካ ላይ እንደሚሄድ ሲቆጥር አንድ ቀን እንኳ አልሞላ አለው። የቀረው ሁሉ አስፋልትና ጥቂት ጠጠር ነበር። ረዥም ጥርስ በጠንካራ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

በጠቅላላው የሞተር ጎማ ጥርስ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጥርሱ አጭር፣ ገጹ የተያያዘ፣ በውስጡም ውኃ ማስወጫ ቦዮች የተቆረጡበት የአስፋልት ጎማ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ መንገዱን የሚይዘው ቦዩ ሳይሆን ላስቲኩ ራሱ ነው፤ ቦዩ የሚያስፈልገው በዝናብ ጊዜ ውኃውን ከሥር ለማስወጣት ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ጎማ ሲሆን ጥርሶቹ በብሎኬት መልክ ተከፋፍለው ግን ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው፤ ለጠጠርና ለኮረኮንች፣ እንዲሁም ለአስፋልት በልኩ ያገለግላል። ሦስተኛው የጭቃ ጎማ ነው። የጥርሶቹ መራራቅ ጭቃው በመካከላቸው እንዳይያዝና በመሽከርከሩ ተወርውሮ እንዲወጣ ነው።

በዋልካ ላይ ግን ሁሉንም የሚያሸንፍ ጥርስ የለም። የዚህ አካባቢ ጥቁር አፈር፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅለው ያው ለም አፈር፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ጎማ የሚይዝ ስንጥቅ ይከፍታል። በክረምት ደግሞ አብጦ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ከሞላ የጭቃ ጎማም ቢሆን ልሙጥ ሆነ ማለት ነው። የጭቃ መከላከያው ለጎማው በጣም የቀረበ ከሆነም በመካከላቸው የተጠቀጠቀው ዋልካ የፊቱን ቸርኬ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ መንገዱን እስክትመታው መጠበቅ ከየትኛውም ጎማ ይሻላል።

ጉልበት ያለው መሣሪያ ሁሉ በማንኛውም መሬት ያገለግላል ብሎ ማሰብ ወታደርን እንደሚጎዳ የገላባት መሬት በጦር ታሪክም አሳይቷል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ በኢጣልያኖች የተያዘውን የገላባት ምሽግ 12 ታንኮች ይዞ አጠቃ። ምሽጉ በዚያው ቀን ተያዘ። ነገር ግን ከታንኮቹ አብዛኞቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ስለ ቆሙ ወደ መተማ መዝለቅ አልተቻለም፤ የተያዘው ምሽግም ተለቀቀ። የብረት ሰንሰለት ያላቸውን ያቆመ መሬት የአንዲት ትንሽ ሞተርን ጎማ አያቆምም ማለት አይቻልም። መሣሪያን ከመምረጥ በፊት መሬቱን ማወቅ ይቀድማል።

እንግዲህ የምርጫው ደንብ እንዲህ ነው። ለአብዛኛው ጉዟችሁ የሚስማማውን ምረጡ፤ ለክፉው ጥቂት መንገድ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ወይም ወርዳችሁ ግፉ። በአስፋልትና በጠጠር መካከል ለሚመላለስ የቤተሰብ ሞተር ለፊት መካከለኛው ጎማ ይሻላል። ስትገዙም በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቀስት ተመልከቱ። የፊት ጎማ የሚሸከመው የፍሬንን፣ የኋላው ደግሞ የግፊትን ጫና በመሆኑ አንዳንድ ጎማዎች ለፊትና ለኋላ ተቃራኒ ቀስት ይኖራቸዋል። የተበላን የፊት ጎማ «በሌላው ጎኑ ይበላ» ብሎ ከቀስቱ ተቃራኒ ገልብጦ መግጠም አይገባም። በተጨማሪም በጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 የሚል ቢሆን ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በቆላ ፀሐይ ሥር ለዓመታት የተሰቀለ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቆ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ?

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ባሻ ለአንድ ጎማ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስዎ ለምንድን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። በወጣትነቴ አንድ የመልእክት ሞተረኛ ጓደኛ ነበረኝ። በሐምሌ ወር አንድ ማታ የፊት ጎማውን አሳይቶኝ «ያደርሰኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በችኮላ ጎንበስ ብዬ አይቼ «እስከ ደመወዝ ያደርስሃል» አልሁት። በማግሥቱ ዝናብ የመታውን ቁልቁለት ሲወርድ የፊቱ ጎማ ከሥሩ ሸሸ። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ሰው በእግሩም በመሪውም ሊያቀናው ይችላል፤ የፊቱ ከሸሸ ግን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ጓደኛዬ ከዚያ አልተመለሰም። ለቅሶ ስደርስ ባለቤቱ ከሁሉም አስቀድማ የጠየቀችኝ «ጎማውን አሳይቶህ ነበር?» ብላ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ጎማ የሚያሳየኝ ሰው ሲመጣ በጉልበቴ ተንበርክኬ የማየው ስለዚህ ነው።

የቤተሰብ ሥራ፦ ቅዳሜ ማለዳ

ቀጥሎ ያለው ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሲሆን ባልና ሚስት አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ፀሐይም ሳይበረታ ነፋሱን በመለኪያ ለኩ። ልኩ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ነው፤ ሰው ሲያሳፍሩ የሚጨመረውም እዚያው አለ። በቀትር አታስተንፍሱ።

ሁለተኛ፣ የክብሪት እንጨት በጎማው ቦይ ውስጥ አስገብታችሁ እስከ የት እንደ ገባ በጥፍር ምልክት አድርጉ። በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ለክታችሁ አወዳድሩ። በቦዩ ሥር ያለችው ትንሿ ጉብታ የማለቂያ ምልክት ናት፤ ከፍታዋም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በየትኛውም ወገን ጥርሱ ከእርሷ ጋር እኩል ከሆነ፣ ሌላው ወገን ቢተርፍም ጎማው አልቋል።

ሦስተኛ፣ መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሳልፉ። መጋዝ ከሆነ ፍሬኑን፣ ነፋሱንና የጥርሱን ዓይነት መርምሩ፤ ጎድጓዳ ከሆነ ፎርሴላውን፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቸርኬውንና ሽቦዎቹን መርምሩ። ብርጭቆና ሚስማር ሊኖር ስለሚችል እጃችሁን ቀስ አድርጉ።

አራተኛ፣ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ። «ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው ይታይ። በፎርሴላው ላይም የዘይት እርጥበት መኖሩን ተመልከቱ።

አምስተኛ፣ ከኋላ የምትቀመጪ እኅቴ ሆይ፤ የሰማሽውን ድምፅና ያየሽውን መንቀጥቀጥ ተናገሪ። አንተም ወንድሜ፣ ስትነግርህ «አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» አትበላት።

ወደ ዐሥር አለቃው ልመለስና ላብቃ። በዚያ ቀን የሰጠሁት ፍርድ ሁለቱንም ያስከፋ ነበር። የጎማው ግራ ከማለቂያው ምልክት ስለ ደረሰ ጎማው መለወጥ አለበት፤ ይህ ለእርሱ የተፈረደ ነበር። ይሁን እንጂ የፎርሴላው ቀለበትና የመሪው ኩሽኔታ ሳይለወጡ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ይህም ለእርሷ የተፈረደ ነበር። የቀለበቱና የኩሽኔታው ዋጋ ከጎማው ዋጋ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት የመስከረሙን ገንዘብ መንካት ግድ ነበር። ሁለቱም ዝም አሉ።

ዝምታውን የሰበረችው እርሷ ናት። «እንግዲያው ሞተሩ ይቁም፤ ልጁ ይማር» አለች። ዐሥር አለቃውም ጥቂት አስቦ የሞተሩን ቁልፍ ለእርሷ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በእግሩና በጓዶቹ መኪና ተመላለሰ። ከመስከረም ደመወዝ ቀለበቱንና ኩሽኔታውን፣ ከጥቅምቱ ደግሞ መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ ገዙ። ቁልፉም ከእርሷ ተመለሰለት።

ባለፈው እሑድ ያሳዩኝ ይህንኑ ጎማ ነው። በዚያ በነሐሴ ከነበረው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አገልግሏል። ተንበርክኬ መዳፌን በላዩ አሳለፍሁት፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልያዘኝም። ግራው ከቀኙ ጥቂት ይበልጥ ተበልቷል፤ ይህ የመንገዱ ድርሻ ነው። ባለቤቱ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣቻቸውን ሦስት የክብሪት እንጨቶች ፈትታ አሳየችኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ የጥፍር ምልክት አለ። ታላቁ ልጅ ደግሞ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ የየቅዳሜውን የነፋስ ልክ በተርታ ጽፎ ይዞ መጥቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ባትሪ እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።